እጅ የሚያስታውሰው፦ ረቂቅ ሥዕል፣ ተፈጥሮና የውስጥ ሕይወት

(ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ለሥዕል ተማሪዎችና ለሥዕል ወዳጆች የቀረበ ንግግር ሲሆን ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ረቂቅ ሥዕል (ሰው ወይም ዛፍ ሳይመስል በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚናገር ሥዕል) የሚሠራ ሰው ከተፈጥሮና ከውስጥ ሕይወቱ እየተነሣ፣ አስቀድሞ ንድፍ ሳያወጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚመለከት ነው። ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አነጋገር መስማት ለምደናል። አንደኛው «ሠዓሊው ምን እንደሚሠራ ራሱም አያውቅም፤ ቀለሙን ደፍቶ ሲያበቃ ትርጉም ይፈልግለታል» የሚል ነው። ሁለተኛው ከእኛው ከሠዓሊዎቹ የሚመጣ ሲሆን «ስሜቴን ነው ያወጣሁት፤ ስሜት ደግሞ ትክክልና ስሕተት የለውም» ይላል። ሁለቱ የተቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሳያቅዱ መሥራትን ሳያውቁ ከመሥራት ጋር አንድ ያደርጉታል። እኔ ግን ሸራ ፊት ስንቆም እጃችንን የሚመራው ለረጅም ጊዜ በማየት የተጠራቀመ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ከቃል ቀድሞ ስለሚደርስ ብቻ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ይመስለናል።

አንድ ማሲንቆ ተጫዋች በአምባሰል እየተጫወተ ሳለ ጣቱ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ ቆም ብሎ አያሰላም። ዜማውን እያዟዟረ፣ አንዳንዴም ራሱ ከዚህ በፊት ያልሄደበት መንገድ እየገባ ይጫወታል፤ ከቅኝቱ ከወጣ ግን ማንም ሳይነግረው ጆሮው ይነግረዋል። ይህን ሰው «ምን እንደሚጫወት አያውቅም» የሚለው የለም። የረቂቅ ሠዓሊ ዕጣ ከእሱ የሚከብደው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ያህል ትውልድ የተስማማበት ቅኝት ስለሌለው ነው። በእያንዳንዱ ሸራ ላይ ቅኝቱን ራሱ ማበጀት፣ ካበጀ በኋላም ለሱ መታመን ይጠበቅበታል።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት እ.ኤ.አ. በ1907 በጥቂት ወራት ውስጥ አሥር ታላላቅ ሥዕሎች ሠርታለች፤ የእያንዳንዳቸው ቁመት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ሥዕሎቹ ያለ ቅድመ ንድፍ፣ ከእሷ በላይ በሆነ ኃይል ምሪት እንደተሠሩ እሷው ጽፋለች። ብዙ ሰው ይህንን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ይህች ሴት በስቶክሆልም የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተማረች፣ ለዓመታት የዕፅዋትን ቅጠልና አበባ በጥንቃቄ ስትነድፍ የቆየች፣ ለእንስሳት ሕክምና ተቋምም በነዳፊነት የሠራች ነበረች። በእነዚያ ትላልቅ ሥዕሎች ላይ የምናያቸው የሚጠቀለሉ መስመሮች፣ እንደ አበባ የሚከፈቱ ቅርጾች፣ እንደ ዘር የሚከፈሉ ክቦች ከዚያ ሁሉ ንድፍ የመጡ ናቸው። ስለ መንፈሳዊው ክፍል የምፈርደው ነገር የለኝም፤ ስለ እጇ ግን እርግጠኛ ነኝ። ያ እጅ ቅጠል ያውቅ ነበር።

የኔዘርላንዱ ፒየት ሞንድሪያንም እንዲሁ ነው። ዛሬ የሚታወቀው በቀጥታ መስመሮቹና በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ አራት ማዕዘኖቹ ቢሆንም፣ እዚያ የደረሰው ዛፍ ሲሥል ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1912 ባለው ጊዜ የሠራቸውን ዛፎች ተራ በተራ ያየ ሰው፣ ቅርንጫፉ ቀስ በቀስ ቅስት ሲሆን፣ በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ከቅርንጫፉ እኩል ክብደት ሲያገኝ ይመለከታል። «ረቂቅ ሥዕል መሥራት ከፈለግሁ ዛፍ መንደፍ ምን ይሠራልኛል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። እንጨቱን ሳይነድፍ በእንጨቶች መካከል ያለውን አየር ማየት የቻለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። እኔ የምሠራው ከእንጦጦ ነው ስል ተራራውን እሥላለሁ ማለቴ አይደለም። እንጦጦ ላይ ያለው ነጭ ባሕር ዛፍ እንደምታውቁት በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለአዲስ አበባ ማገዶና ማገር ሆኖ የኖረ ዛፍ ነው። አካባቢን ስለ መጉዳቱ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ለዓይን ግን አስተማሪ ነው። ለጋው ቅጠል ክብ፣ ብርማ ሰማያዊ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ሲሆን፣ የዚያው ዛፍ ቅጠል ሲበስል ደግሞ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ጥቁር አረንጓዴና ወደ ታች የተንጠለጠለ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ልጡ ነው። ግንዱ ያረጀውን ልጥ በረጃጅሙ ይጥላል፤ ከሥሩ ክሬም የሚመስል፣ አመድማ፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የነካው አዲስ ቆዳ ይወጣል። የተላጠው ልጥ ሁልጊዜ ተቆርጦ አይወድቅም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ለወራት ይንጠለጠላል። እኔ ከቀለም መደራረብና ከመፋቅ ጋር ያለኝ ጉዳይ በሙሉ ከዚህ ልጥ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ይህን የማየት ልማድ ስልክ ሊተካው እንደማይችል በዚህ አጋጣሚ ልናገር። ተማሪዎች ከሽርሽር ሲመለሱ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ያሳዩኛል። ፎቶው ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ፎቶ ያነሣ ሰው ማየቱን ለስልኩ አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። አንድ ግንድ ፊት ተቀምጦ እስኪሰለች ድረስ የነደፈ ሰው ግን፣ ወረቀቱን ቢጥለው እንኳ የልጡ አወዳደቅ በክንዱ ውስጥ ይቀራል።

ተፈጥሮ ወደ ሥዕሉ የሚገባበት ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይወራለትም። እሱም ብርሃንና አየር ራሳቸው ናቸው። ከአውሮፓ የመጡ የሥዕል መማሪያዎች የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ብለው ያዝዛሉ፤ እዚያ ፀሐይ በቀን እኩሌታ ምን ጊዜም በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑ ብርሃን የተረጋጋ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጨረሯ በገደምዳሜ በዚያው በሰሜኑ መስኮት ይገባል። ስለዚህ በግንቦት ወር ሸራዬ ላይ የሚታየው ቢጫ ከሥዕሉ ይሁን ከፀሐይዋ ለመለየት መጋረጃ መዝጋት አለብኝ። ሐምሌ ሲገባ ደመናው ብርሃኑን አጣርቶ እኩል ያደርገዋል፤ ለቀለም ፍርድ ከዚያ የተሻለ ወቅት አላውቅም። ለግራጫ ልዩነት ዓይኔን የከፈተልኝ ክረምት ነው።

የአየሩ ደረቅነትም በሥራው ላይ ድርሻ አለው። የአክሪሊክ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ስለሆነ በጥርና በየካቲት ፓሌት (የቀለም ማደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ እንዳለ ቆዳ ያወጣል፤ ለመወሰን የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በክረምት ግን አየሩ ስለሚረጥብ ቀለሙ ታጋሽ ይሆናል፤ መፋቅ፣ መግፋት፣ ማደባለቅ ይቻላል። የዘይት ቀለም ሌላ ነው፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሆነ ቀናት ይፈልጋል። የበጋ ሥዕሎቼ ጠርዛቸው የተቆረጠ፣ የክረምቶቹ ደግሞ አንዱ ከሌላው የሚዋሐዱ ሆነው ሲገኙ ተመልካቾች ከስሜቴ ጋር ያያይዙታል። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን እርጥበት ነው።

አንድ ሥራ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ባለፈው ክረምት አቡጀዲ ወጥሬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ሸራ አዘጋጀሁ። ምን እንደሚሆን አላቀድኩም፤ የወሰንኩት ነገር ቢኖር ከጥቁር ወደ ነጭ መሄድ እንጂ ከነጭ ወደ ጥቁር እንደማልሄድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ኡምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም በውሃ አቅጥኜ፣ ሸራውን ወለል ላይ አጋድሜ አፈሰስኩበት፤ ቀለሙ በጨርቁ ጉድጓዶች እየተጠራቀመ የራሱን ደረቅና ወፍራም ጠርዝ አበጀ። ሲደርቅ ሸራውን አቁሜ አረንጓዴ የነካው ግራጫ በወፍራሙ ደረብኩበት፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በሰፊ የቅብ ቢላዋ ከላይ ወደ ታች ፋቅሁት። ቡናማው በረጃጅም ሰንበሮች ተመልሶ ወጣ። ያየ ሁሉ ቆንጆ ነው ያለው በዚያ ደረጃ ላይ ነበር፤ እኔን ግን ቀልቤ አልተቀበለውም።

በዚህ ጊዜ የማደርገው ሸራውን ገልብጬ ወደ ግድግዳ ማዞርና ሌላ ሥራ መያዝ ነው። ከቆይታ በኋላ መልሼ ሳየው ምክንያቱ ታየኝ። ሰንበሮቹ የቢላዋውን ስፋት ይዘው እኩል ሆነው ነበር፤ ሁሉም ከአናት ተነሥተው እግር ድረስ ይወርዳሉ። ይህ አጥር ነው እንጂ ልጥ አይደለም። ልጥ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ክር ያህል ነው፤ አንዱ መሬት ሲደርስ ሌላው መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ሰንበሮች በግራጫ ሸፈንኳቸው፤ አንዱን እኩሌታ ላይ ቆረጥኩት፤ ከታች በግራ በኩል በጣት ስፋት የሚሆን ብርቱካናማ ጨመርኩ። ብርቱካናማው በእንጦጦ ግንድ ላይ የለም። ለምን እንደጨመርኩት አሁንም በሙሉ ልናገር አልችልም፤ እሱ ከሌለ ግን ግራጫው ሁሉ ሙት እንደሚሆን በእጄ ሸፍኜ በማየት አረጋግጫለሁ። ለማለት የፈለግሁት ይህ ነው፦ ቀልብ ቀድሞ ይፈርዳል፤ ምክንያቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ሊነገር የሚችል፣ ሌላውም ሰው ሊያየው የሚችል ምክንያት ሆኖ ይገኛል። በስሜት የተሠራ ሥራ አይተችም የሚለውን አቋም የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

ስለ ውስጥ ሕይወት ስናገር አጭር መሆን እመርጣለሁ፤ ብዙ የተነገረበትና ብዙ የተነገደበት ነገር ነው። በንዴት የተወረወረ ቀለም ንዴትን አያሳይም፤ የተወረወረ ቀለምን ያሳያል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሐዘኑን ሊሥል አይችልም፤ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ነገሩ በውስጥ ከረጋ በኋላ ግን ምንም ስለ ሐዘን ባላሰበበት ቀን የሚመርጠው ሰማያዊ ከወትሮው ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። አሜሪካዊቷ አግነስ ማርቲን በዚህ ረገድ ጥብቅ ነበረች። ሥዕሉ በአእምሮዋ እስኪታያት ድረስ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የሚታያት ግን ትንሽ ሆኖ ስለሆነ እሱን ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ሸራ ለማሳደግ ወረቀት ላይ በቁጥር ታሰላ ነበር። ያልወደደችውን ሥራም ታጠፋለች። ከእሷ ይበልጥ በውስጥ ምሪት የሠራ ጥቂት ነው፤ ከእሷ ይበልጥ ማስመሪያ የተጠቀመም ጥቂት ነው።

«ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በእግሩ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ፣ በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎቹን ይዞ ሲመለስ የገጠመው ሙግት ይኸው ነበር። ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ፣ አባቱም የብራና መጻሕፍት በሥዕል ያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» የስቅለቱን ታሪክ በፊት ገጽታ ዝርዝር ሳይሆን በቀይ ቀለም ክብደት ይናገራል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ቀዩን ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻውም። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ሥራዎቹ አሉና ከቻላችሁ በእግራችሁ ሂዱና እዩ። ገጣሚም ስለነበር ቃል አጥቶ አይደለም ወደ ቀለም የሄደው። እስክንድር በጎሲያን ደግሞ ከለንደንና ከፓሪስ ቆይታው በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራውን የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ ሥዕሉን ስታዩ ክንፍ ያላቸው ፍጥረቶችና የሌሊቱ ሰማይ ከየትኛውም ቦታ የተገለበጡ አይደሉም፤ ሆኖም ሌሊትን በዓይኑ ያልጠገበ ሰው ሊሠራቸው አይችልም። በኋላ የዛፍ ልጥ ላይ መሥራቱን ሳስብ፣ ከልጥ ጋር ያለኝን ወዳጅነት ብቻዬን እንዳልጀመርኩት ይገባኛል።

እግረ መንገዴን ስለ ጠልሰም አንድ ነገር ልበል። ጠልሰምን የረቂቅ ሥዕል ቅድመ አያት አድርጎ ማቅረብ ፋሽን ሆኗል። በብራና ላይ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ የሚሠራው፣ በትላልቅ ዓይኖችና በተቆላለፉ መረቦች የተሞላው ያ ሥራ ከዘመናችን ሥዕሎች ብዙዎቹን በኃይሉ እንደሚበልጥ እቀበላለሁ፤ እስክንድርም ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም ከሱ ቀድተዋል። ነገር ግን ጠልሰም ሊታይ ሳይሆን ሊፈውስ የተሠራ ነው፤ ደብተራው የሚከተለው ሥርዓትም ለግል ስሜት ብዙ ቦታ አይተውም። ከሱ ልንወስድ የምንችለው ድፍረቱን ነው፦ ሰው ሳይመስል፣ ዛፍ ሳይመስል፣ ቅርጽ ብቻውን በሰው ላይ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚለውን እምነት። ዓይኖቹን እየገለበጡ ሸራ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

በየአውደ ርእዩ የሚቀርብልን ጥያቄ «ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። ቅኔ ያሳደገው ተመልካች ሰም ካየ ወርቅ መፈለጉ አይደንቅም፤ ይህን ጥያቄ የሚንቁ ሠዓሊዎችን አልወድላቸውም። እኔ የምመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ዓይንዎ መጀመሪያ የት ሄደ፣ ከዚያስ ወዴት ተጎተተ፣ የት ቦታ መቆየት ፈለገ፣ የት ቦታ አልመች አለው? አንድ አዛውንት በዚህ መንገድ ሲጠየቁ ከላይ በተናገርኩት ሸራ ፊት ቆመው «ይቺ ብርቱካን ትረብሸኛለች፤ ግን ብትነሣ ቅር ይለኛል» አሉኝ። ስለ ሥዕሉ ከተባለው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ትችት አላገኘሁም፤ ቅኔ ፍቺ ሳይፈልጉ ሥዕሉ የተሠራበትን ውሳኔ በትክክል አገኙት።

ሥዕል መቼ አለቀ ይባላል የሚለውን አንሥቼ ላብቃ። ሩሲያዊው ካንዲንስኪ በሙኒክ ሳለ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ስቱዲዮው ሲገባ እጅግ ያማረ የማያውቀው ሥዕል አይቶ እንደነበር፣ ቀርቦ ሲያየው ግን በጎኑ የቆመ የራሱ ሥራ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። በማግስቱ በቀን ብርሃን ያንኑ ስሜት መልሶ ለማግኘት ቢሞክርም በሙሉ አልሆነለትም። አመሻሽ ቀለምን እንደሚለውጥ የታወቀ ነው፤ ብርሃን ሲደክም ለዓይናችን ቀይ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይቆያል። በእኛ ከተማ ደግሞ ምሽቱ ፈጣን ነው፤ 12 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሳይቆይ ይጨልማል። እኔ ይህችን አጭር ጊዜ ለፍርድ እጠቀምባታለሁ። መብራት ሳላበራ ሸራውን በአራቱም ጎኑ እያዞርኩ አየዋለሁ። ቀለሙ ሲጠፋ የሚቀረው የብርሃንና የጨለማ አቀማመጥ ብቻውን መቆም ከቻለ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አንድም የማነሣው፣ አንድም የምጨምረው ካላገኘሁ ሥራውን እተወዋለሁ። ርእሱን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ «ርእስ አልባ» እያልኩ ቁጥር እሰጥ ነበር፤ አሁን ቦታና ወር ብቻ እጽፋለሁ። ያ ሸራ «እንጦጦ፣ ሐምሌ» ይባላል፤ ተመልካቹ የት አካባቢ እንደነበርኩ ቢያውቅ አይከፋኝም፤ የቀረውን ለዓይኑ ትቼለታለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ብንሄድ ደስ ይለኛል።